በእኔ ጆሮ ልክ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፦

እንዴት ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ያን ደረጃ ዛሬም ባልዲ አንጠልጥለሽ ትወጪዋለሽ ወይስ ታናሽ ወንድሜ ሰው ሆኖ ማገዝ ጀመረ? አክስቴስ ከጎረቤቷ ጋር ታረቀች? ካልታረቀችም ለሁለቱም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ስለ እኔ ያሰብሽ እንደሆነ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የላክሽልኝንም ሹራብ ከላዬ ላይ አላወልቀውም። ደህና ነኝ ያልኩሽ ግን እስከ አንገቴ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ስላለው ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይሄኛውን ግን እንደ ምንም ብዬ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሰው ሁሉ የምትነግሪውን ጽፈሽልኛል። ፈጣሪ ከእኔ የወሰደውን ጆሮ ለልጄ ደርቦ ሰጣት፤ ትልልቅ ኢንጂነሮች እሷን ሳይጠይቁ ማሽን አይሠሩም እንደምትያቸው፣ ልብስ ሰፊዋ እንኳ ይህን ስትሰማ መርፌዋን አስቀምጣ እንዳዳመጠችሽ። እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩት። ፊቴ ፍም መሰለ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ሰው ብቻውን ሆኖም እንዲህ ያፍራል ለካ።

መጥቼ ልይሽ ብለሽም እንደገና ጠይቀሽኛል። መጀመሪያ ስትጠይቂኝ ቤቱ ጠባብ ነው አልኩሽ። ቀጥሎ ደግሞ ቀለም እየተቀባ ነው አልኩሽ። ቤቱ እርግጥ ጠባብ ነው፤ ግን አንቺና እኔ ከዚህ በጠበበ ክፍል ስንት ዘመን ኖረን የለም ወይ? ቀለሙስ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ያው ነው። እውነቱ ሌላ ነው እማዬ። እንዳትታዪ ብዬ ነው የከለከልኩሽ። የሥራ ባልደረቦቼ ካንቺ ጋር ሲያወሩ ከንፈራቸውን ትክ ብለሽ ስታዪ ካዩ፣ ወዲያው ዞረው እኔን ያዩኛል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ወጣልኝ። ቀሪውን ደግሞ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ።

እስከ ዛሬ ስለ ሥራዬ ስጽፍልሽ ማጋነኑን እንጂ ማስረዳቱን አላውቅበትም ነበር። የምሠራበትን ቤት የሰፈሩ ሰው ቧንቧ ቤት ይለዋል። በኮሪደሩ ርዝመት ሁሉ አራት ማዕዘን የሆነ የመዳብ ቱቦ ተዘርግቷል። ውስጡ ባዶ ነው፤ ውሃም ጋዝም አይሄድበትም። የሚሄድበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሽቦ ሳያስፈልገው በባዶው የቱቦ ሆድ ውስጥ ይጓዛል፤ ቱቦው ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ስሙም ሞገድ መሪ ይባላል። አንድ ቀን ሊጎበኙን የመጡ ሹም ሁሉን አይተው ሲያበቁ፣ ለመሆኑ የውሃው መክፈቻ የት ነው ብለው ጠየቁ። አለቃችን ፍንክች ሳይሉ፣ መክፈቻው ገና አልተገዛም ብለው መለሱላቸው። እኛ ሳቃችንን ለመዋጥ ያየነውን አሳር አትጠይቂኝ።

የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማው በአንዱ ቱቦ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስልክ እንዲነጋገር ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ንግግር የራሱ መስመር ይሰጠዋል። መስመሩ በጠበበ ቁጥር ብዙ ንግግር ይገባል። ለማጥበብ ደግሞ ከሰው ድምፅ ላይ ቀጫጭኑን፣ ያን ፉጨት የሚመስለውን፣ «ስ»ን ከ«ፍ» የሚለየውን ድምፅ በማጣሪያ መቁረጥ ያስፈልጋል። ምን ያህል ቢቆረጥ ነው ሰው ሳይደናገር የሚነጋገረው? ይህን የሚለካ መሣሪያ የለም። ጆሮ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጆሮዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስሜን ትተው ጆሮ ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ ጆሮ ገባች፣ ጆሮ ወጣች፣ ጆሮ ምሳዋን በላች።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ክፍሎች አሉ፤ መሀላቸው ወፍራም መስታወት ነው። በወዲያኛው ክፍል አንድ ሰው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ያነባል፤ አንባቢው እንለዋለን። ድምፁ በማጉያው፣ በማጣሪያውና በቱቦው ዞሮ ጆሯችን ላይ ወደደፋነው ማዳመጫ ይመጣል። እኛ በወዲህኛው ክፍል ተቀምጠን የሰማነውን እንጽፋለን። የሚነበቡት ቃላት ሆን ተብሎ ትርጉም የላቸውም። ቃሉ ትርጉም ካለው አእምሮ ጆሮን ያግዘዋል፣ ያልሰማውን ይሞላለታል ይላሉ። አየሽ፣ አእምሮ እንዳያግዝ ይህን ያህል የተጠበቡ ሰዎች ዓይን የሚባል ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላላቸውም።

አድማጮቹ ሁለት ነን። አንዷ እኔ፣ ሌላዋ ሳቂታ የምንላት ልጅ። ጥርሷ አይከደንም፤ ቢቆጧትም ትስቃለች። ስታዳምጥ ግን አቀርቅራ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ገና ብዙ ማስረዳት ነበረብኝ። አንቺ ግን እዚህ ላይ ስትደርሺ ነገሩ ገብቶሻል። በልጅነቴ አንቺ ወጥ ቤት፣ እኔ ጓሮ ሆነን በመስኮቱ ያለ ድምፅ ስናወራ፣ አባባ መጥቶ ሁለታችሁ ደግሞ ምን ታሴራላችሁ ይለን አልነበር? ለእኔ ያ ጨዋታ ነበር። ከንፈር ማንበብ የሚባል ነገር መማሬን አላውቅም ነበር፤ ካንቺ ጋር ማውራት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ አጭበርባሪ አልነበርኩም፤ ይህን እመኚኝ። የምሰማ ይመስለኝ ነበር። የጀበናው ክዳን ሲንጣጣ ሰዎች ከኔ ቀድመው ብድግ ሲሉ፣ የበሩ ደወል ሲጮህ ሌላው ሰው ሲከፍት፣ ሐሳብ ላይ ሆኜ ነው እል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አንባቢው ጉንፋን ይዞት መጣ። እያነበበ በመሀል አፉን በመሐረብ ሸፈነ። በዚያች ቅጽበት ነገር ዓለሙ ጠፋ። ድምፁ ነበር፤ ጉም ጉም የሚል ወፍራም ድምፅ። ቃሉ ግን የለም። መሐረቡን ሲያነሳ ቃሉ ተመለሰ። እንደገና ሲሸፍን ጠፋ። እርሳሴ እጄ ላይ ቀረ። 

በድብቅ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀጫጭኑ ድምፅ ከሁለቱም ጆሮሽ ጠፍቷል፣ ወፍራሙም ቀስ እያለ ይከተላል አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳይመለከተኝ፣ በቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እናቴ ከእኔ የተሻለ ትሰማለች አልኩት። ማንም ሳያስገድደኝ ካድኩሽ። ያቺን ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ማጣሪያው የሚቆርጠውን የእኔ ጆሮ ቀድሞ ቆርጦታል ማለት ነው። ቢቆርጡት ባይቆርጡት ለእኔ አንድ ነው፤ ወፍራሙን በጆሮዬ፣ የቀረውን ከአንባቢው ከንፈር እለቅማለሁ። ስለዚህ ድምፁን ምንም ያህል ቢያጠቡት ውጤቴ ንቅንቅ አይልም። አለቃችን ውጤታችንን በመስመር አስለው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። የእኔ መስመር ቀጥ ያለ፣ የሳቂታ መስመር ደግሞ ማጣሪያው ሲጠብ ቁልቁል የሚወርድ። ትክክለኛው የእሷ ነበር። ደህና ጆሮ ያለው ሰው ድምፁ ሲቆረጥበት መስማት ያቅተዋል፤ ሊያቅተውም ይገባል። እሳቸው ግን የእኔን አዩና፣ አንዷ ከሰማች ሌላዋ ያልሰማችው ልቧ ሥራው ላይ ስለሌለ ነው አሉ። ሳቋም አልረዳትም።

ሳቂታ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደኔ ተጠግታ፣ አንቺ እንዴት ነው የምታዳምጪው፣ እባክሽ ዘዴውን ንገሪኝ አለችኝ። ያኔ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ሁሉን አውቃለሁ። በጊዜ ተኚ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ከማዳመጥሽ በፊት ወሬ አታብዢ አልኳት። አፌን ሞልቼ መከርኳት። እሷ ደግሞ ያልኳትን ሁሉ አደረገች። ማታ ማታ ከጓደኞቿ ጋር መውጣቱን ተወች። ጠዋት ስትገባ ዝም ብላ፣ ወገቧን አቅንታ ትቀመጣለች። መሳቁንም ተወች። ውጤቷ ግን ያው ቁልቁል ነው፤ እውነቱ ቁልቁል ስለነበረ።

ያሰናበቷት ቀን ማዳመጫዋን ስታስረክብ አጠገቧ ነበርኩ። ለአለቃችን ስለ እሷ የተናገርኩላት መስሏት አቅፋ አመሰገነችኝ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ታነጥፋት የነበረችውን ትንሽ ትራስ አንስታ፣ ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ለአንቺ ይሁን ብላ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። እላዩም ላይ ተቀመጥኩ። ኅሊናዬ ሲጎነትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ፤ ለዚህስ ጆሮ አላነሰኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤሽ የመጣው። በማግሥቱ አለቃችን ጠርተው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ማጣሪያው በእኔ ጆሮ ልክ ተወስኖ ሊሠራ ነው፤ ቱቦው የሚደርስበት አገር ሁሉ በእሱ ሊነጋገር ነው። በደስታ እጃቸውን ያፋትጉ ነበር። እኔ የታየኝ ግን ደህና ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ ምን አልክ፣ ምን አልሽ ሲል ነው። ባሏ ከሩቅ የሚደውልላት ሴት፣ ለታመመ ልጇ ሐኪም የምትጠራ እናት፣ ሁሉም እኔ እንደምሰማው ሲሰሙ፤ የሚያነቡት ከንፈር ደግሞ የላቸውም። ትራሴ ሥር ያለው ደብዳቤሽም ትዝ አለኝ። መስታወቱን በመጋረጃ ሸፍናችሁ እንደገና ፈትኑኝ አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ለምን ሲሉኝ፣ እባክዎ ዝም ብለው ይሸፍኑት አልኩ።

የጠረጴዛ ልብስ ፈልገው በምስማር መቱት። ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን ደፋሁ። አንባቢው ጀመረ፤ ጉም ጉም። አንድ አንድ ፊደል ጻፍኩ፤ ሌላው ባዶ ቀረ። ቴክኒሻኖቹ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ጨርሻለሁ ብዬ ወረቀቱን ስሰጣቸው አለቃችን ወረቀቱን አገላብጠው፣ ጀርባው ላይ የጻፍኩ መስሏቸው ፈለጉ። ምንም የለም። አንገቴን ደፋሁ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ እንዴት በወደድኩ! ወደ ግድግዳው ሄደው ያን ቀጥ ያለ መስመሬን ነቀሉት። ቀስ ብለውም፣ እዚህ ቤት ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ያን ስል እውነቴን ነበር።

ከአድማጭነት አንስተውኝ ሽቦ የሚጠመጠምበት ክፍል ገባሁ። ለማጣሪያዎቹ ጥቅል ሽቦ እንሠራለን። እዚያ ማንም ስሚ አይለኝም፤ ጆሮ ብሎ የሚጠራኝም ቀርቷል። አለቃችን ራሳቸው ሳቂታ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀው መለሷት። በተመለሰችበት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳት። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። እሷ አልፋኝ ማዳመጫ ክፍል ገብታ ትራሷን ከድሮ ወንበሬ ላይ አነሳች፤ አራገፈቻት፤ ከዚያ ተመልሳ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ በጊዜ ተኚ ነበር ያልሽኝ አለችኝ።  ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ማዳመጫ ክፍሉ ውስጥ ግን እንደገና ስትስቅ አያታለሁ። ድምፁ አይደርሰኝም፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው የማውቀው።

እማዬ፣ ከእኔ ወረሰች ብለሽ እንዳታለቅሺ። በዚህ ከተጣላሽኝ እኔም እጣላሻለሁ። ያፈርኩት በጆሮዬ አይደለም። ያፈርኩት አንቺን በመደበቄ ነው፤ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ አልሰማሁም፣ ድገምልኝ ብለሽ ሰው ፊት ቀና ብለሽ ኖረሽ፣ እኔ አንዲት ቀን እንኳ እንዲያ ማለት አቅቶኝ ሰው ከእንጀራው እስኪነቀል ዝም በማለቴ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከጠየቀችሽ እውነቱን ንገሪያት። ወይም እኔ መጥቼ እነግራታለሁ። አሁን ግን ነይ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አልጋውን ላንቺ እለቃለሁ። ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ዘንድም ይዤሽ እሄዳለሁ፤ ይዩሽ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

አለቃችን ከእንግዲህ መስታወቱ ለዘለቄታው ይሸፈን ብለው መጋረጃ አሰፉ። አናጢው መጋረጃው የሚሰቀልበትን ዘንግ ሲመታ እንድይዝለት እኔ ተላክሁ፤ በአንባቢው በኩል ነው የሚሰቀለው። ይህን ያህል ጊዜ ስሠራ ወደዚያኛው ክፍል ገብቼ አላውቅም። አናጢው መሰላሉን ሊያመጣ ሲወጣ ብቻዬን ቀረሁና ዙሪያዬን ቃኘሁ። የሚነበቡት ቃላት የተጻፉበት ካርድ የሚቀመጥበት ትሪ አለ፤ መብራት የተገጠመው ለእሱ ነው። መብራቱ ግን ትሪው ላይ አያበራም። አንገቱ ወደ ላይ ተጠምዝዞ፣ እንዳይመለስ በሽቦ ታስሯል፤ ሰው ቢቆም ልክ ፊቱ ላይ እንዲያበራ ሆኖ። ትሪው ጨለማ ውስጥ ነው። ካርድ አስቀምጬ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አይታይም። ቃላቱ በየጊዜው ይለዋወጣሉ፤ ትርጉም የላቸውም፤ አንባቢው ሁሉንም አስቀድሞ በቃሉ ካላጠናው በቀር እዚያ ቆሞ ሊያነበው አይችልም። ወለሉም ላይ በጠመኔ የእግር ምልክት ተሠርቷል። እግሮቹ የዞሩት ወደ ማይክሮፎኑ አይደለም። ወደ መስታወቱ ነው፤ የእኔ ወንበር ወደነበረበት።

ትንሽ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሽቦውን ፈታሁና መብራቱን ወደ ትሪው መለስኩት። ጠመኔውን በጫማዬ አሸት አሸት አድርጌ አጠፋሁት። ቀና ስል አንባቢው በሩ ላይ ቆሟል። መብራቱን አየ፤ ጠመኔ የነካውን ጫማዬንም አየ። አናጢው መሰላሉን ይዞ መጣ፤ ዘንጉን ያዝኩለት።

ለአለቃችን አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። የራሴን ተናዝዤ የሰውን ደበቅሁ፤ ንጹሕ ልሆን ስል እንደገና ተጨማለቅሁ። እኔ ብቻዬን አጠፋሁ ብዬ ሳለቅስ የከረምኩት፣ ለካ እሱም ከንፈሩን እያሳየኝ ሁለት ነበርን። ሳቂታን ያስባረርናት ሁለት ሆነን ነው። ሊከፋኝ ይገባ ነበር እማዬ፤ አልከፋኝ አለ። ከዚህ የባሰ ምን የሚያሳፍር ነገር አለ?

አሁን ከአንባቢው ጋር ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ቱቦውን እናያለን። ትናንት ግን አንቺን ልቀበል ፈቃድ ስጠይቅ ሰምቶ ኖሮ ቆም ብሎ፣ እናትሽ የሚመጡ ከሆነ ሻንጣቸውን ልያዝላቸው ወይ አለኝ። ሽቦዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። መብራቱን ለምን እንዲያ እንዳሰረው ስትመጪ አንቺ ጠይቂልኝ፤ እኔ ዓይኑን ማየት አፍሬያለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ መንገዱን ቀና ያድርግልሽ፤ በሰላም ያገናኘን። ወንድሜን ሳሚልኝ።

ከአካሌ ራቅሽ እንጂ ከልቤ ያልራቅሽ፣
ልጅሽ